ከአልጋ እስከ መጸዳጃ፦ ተማሪዎች ለአረጋውያን የማያሰጋ ቤት እንዲነድፉ የማስተማሪያ መመሪያ

የአርክቴክቸር ወይም የሕንፃ ግንባታ ተማሪዎች ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲነድፉ ሲታዘዙ ብዙውን ጊዜ ይዘው የሚመጡት የአንድ ትልቅ መጦሪያ ማዕከል ፕላን ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ መሐሉ ላይ አትክልት፣ ዙሪያውን በረንዳ ያለው ያማረ ሥራ። በአገራችን ግን አብዛኛው ሰው የሚያረጀው በኖረበት ቤት ወይም በልጁ ቤት ነው፤ ስለዚህም ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ ፊቱ የሚቆመው ባለጉዳይ "እናቴ ሌሊት ስትነሳ ወደቀች፤ ቤቱን ምን ብናደርገው ይሻላል?" ብሎ የሚጠይቅ የሰፈር ሰው ነው። ለዚህ ጥያቄ በሳንቲሜትር የሚለካ፣ በአንድ ግንበኛና በአንድ ብረት ሠራተኛ እጅ የሚያልቅ መልስ መስጠት ያልቻለ ባለሙያ ትምህርቱ ጎድሎበታል ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከእነዚህም ትልቁን ቁጥር የሚይዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ከሞት የተረፈውም ቢሆን የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ የአልጋ ቁራኛ ሲሆን፣ ወይም ምንም ሳይሰበር ፍርሃቱ ብቻ ቀርቶበት ከቤት መውጣት ሲተው፣ የቤተሰቡ ኑሮ ሁሉ አብሮ ይናጋል። ሕክምናው የሐኪሞች ነው፤ ወለሉ፣ ደፉ፣ መብራቱና መደገፊያው ግን የእኛ ሥራ ናቸው።

ቀጥሎ የቀረበው በዩኒቨርሲቲ ወይም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ከ20 እስከ 25 ተማሪ ይዞ የሚያስተምር መምህር በስድስት ሳምንት ሊያከናውነው የሚችል አሠራር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የሚያረጅ ሰውነትን ለማወቅ፣ ሁለተኛው ለቤት ጉብኝት፣ ሦስተኛውና አራተኛው ለንድፍ፣ አምስተኛው ለናሙና ሥራና ለፍተሻ፣ ስድስተኛው ለግምገማ ይውላል።

1. የሚሰጠውን ጥያቄ ማጥበብ

ለተማሪዎቹ "ለአረጋውያን ምቹ የሆነ ቤት ንደፉ" የሚል ሰፊ ትእዛዝ መስጠት አይገባም፤ ሰፊ ትእዛዝ ሰፊና ላይ ላዩን የሄደ መልስ ያመጣልና። እኔ ለዓመታት የምሰጠው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ "አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከአልጋቸው ተነስተው፣ መጸዳጃ ቤት ደርሰው፣ ተመልሰው እስኪተኙ ድረስ ያለውን መንገድ ንደፉ።"

ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም በውስጡ የማይነካ ነገር የለም። የአልጋው ከፍታ፣ ሲነሱ እግር የሚያርፍበት ወለል፣ ማብሪያ ማጥፊያው ያለበት ቦታ፣ መብራት ከጠፋ የሚተካው፣ በመተላለፊያው የተደረደረው ጀሪካን፣ የበሩ ደፍ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር የሚከፈትበት አቅጣጫ፣ የመቀመጫው ከፍታ፣ ውሃው፣ ከዚያም ያንኑ መንገድ በእርጥብ እግር መመለስ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ላይ ይገኛል። ተማሪው ክፍሎችን ለየብቻ ማሰብ ትቶ መንገድን ማሰብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚወድቀው አንድ ነገር ስለተበላሸ ብቻ አይደለም፤ የደከመ ዓይን፣ ደብዛዛ መብራት፣ የረጠበ ወለልና ችኮላ በአንድ እርምጃ ላይ ሲገጣጠሙ ነው፤ የሚገጣጠሙበትን ቦታ የሚያሳየው ደግሞ መንገዱ ነው።

2. የሚያረጅ ሰውነትን ማወቅ

በመጀመሪያው ሳምንት ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋብዞ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ መስጠት ይጠቅማል። ተማሪው በተለይ ዓይንን በደንብ ሊረዳ ይገባል። የዓይን ሌንስ በዕድሜ ብዛት እየወየበ፣ ብሌኑም እየጠበበ ስለሚሄድ፣ በ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ዘልቆ የሚደርሰው ብርሃን በ20 ዓመት ወጣት ዓይን ከሚደርሰው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው "በቂ ነው" ያለው አምፖል ለአያቱ ድንግዝግዝ ነው። ከጨለማ ወደ ብርሃን፣ ከብርሃንም ወደ ጨለማ ሲገቡ ዓይናቸው የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ይምታታባቸዋል፤ የሚያብለጨልጭ ወለል ላይ ያረፈ ነጸብራቅ ደግሞ የፈሰሰ ውሃ ይመስላቸዋል።

ቀሪው አጠር ባለ ሁኔታ ሊነገር ይችላል። የጭን ጡንቻ ስለሚደክም ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት ከባድ ይሆናል፤ እጅ የመጨበጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከተኙበት በድንገት ሲነሱ የደም ግፊት ወርዶ ራስን ሊያዞር ይችላል፤ ስለዚህም አልጋው ጫፍ ላይ ለጥቂት ጊዜ ጸንተው የሚቀመጡበትና የሚይዙት ነገር ያስፈልጋል። ባለሙያው ከተገኘ "ተነስቶ መሄድ" የሚባለውን ቀላል ምርመራ ቢያሳያቸው መልካም ነው፤ ሰውየው ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ ተመልሶ እስኪቀመጥ 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደበት ለመውደቅ የተጋለጠ ነው ተብሎ ይታሰባል። ተማሪው ይህን በጉብኝት ቤት ውስጥ በራሱ እንዲሞክር አይፈቀድለትም፤ የሚማረው ጥቂት ሰከንዶች ምን ያህል እንደሚናገሩ ለማየት ነው።

ቀጥሎ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሞክሩት። መነጽር ላይ ቢጫ ሴሎፎን ይለጠፋል፤ ጫማ ውስጥ ሽምብራ ይጨመራል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ በጨርቅ የተቋጠረ አሸዋ ይታሰራል፤ እጅ ላይ ወፍራም ጓንት ይጠለቃል። እንዲህ ሆነው ከበርጩማ ሳይደገፉ እንዲነሱ፣ ከጀሪካን ወደ ማንቆርቆሪያ ውሃ እንዲቀዱ፣ በደብዛዛ ክፍል ውስጥም ማብሪያውን ፈልገው እንዲያገኙ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ ሞካሪ አንድ ጓደኛ ከጎኑ ሊቆም ይገባል። ይህ ልምምድ አንድ ጉድለት እንዳለው መምህሩ አስቀድሞ ይንገራቸው፦ ለግማሽ ሰዓት ያረጀ ወጣት ችግሩን እንጂ ብልሃቱን አያውቅም፤ አረጋውያኑ ግን ከቤታቸው ጋር ለዓመታት የተላመዱበት ብዙ ብልሃት አላቸው። እሱን ለማየት ቤታቸው መሄድ ያስፈልጋል።

3. ወደ ቤት መግባት

ቤቶቹን የማፈላለጉ ሥራ በሰፈሩ እድር ዳኛ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ የሚታመን ሰው ያስተዋወቀው ተማሪ እንደ እንግዳ ይቆጠራል፤ ራሱ በር ያንኳኳ ግን መዝጋቢ ወይም ግብር ሰብሳቢ ይመስላል። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን እናቶች ስለ መጸዳጃ ጉዳይ ሳይሳቀቁ ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ለመለካት አይደለም። "እማማ፣ እንደምን ዋሉ?" ብሎ ገብቶ፣ ተቀመጡ በተባሉበት ተቀምጦ፣ የቀረበውን ቡና ጠጥቶ፣ ጨዋታውን ማዳመጥ ነው። "ቤትዎ አደገኛ ነው" ወይም "ይህ ትክክል አይደለም" የሚል ቃል ከተማሪው አፍ መውጣት የለበትም፤ ቤቱን የሠሩት፣ ልጆች ያሳደጉበት እሳቸው ናቸው። "ወድቀው ያውቃሉ?" ተብሎ በቀጥታ ሲጠየቅም ብዙዎች "ኧረ ደህና ነኝ፣ ተመስገን" ይላሉ፤ ወደቅኩ ማለት ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ ማለት ይመስላቸዋልና። ከዚህ ይልቅ "ማታ ሲነሱ መጀመሪያ እጅዎ የሚይዘው ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ያስገኛል። ይህን የተጠየቁ ሰው ተነስተው ያሳያሉ።

አንድ ጊዜ ሁለት ተማሪዎቼ የሄዱበት ቤት ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ አጭር እናት ይኖሩ ነበር። ተማሪዎቹ መጽሐፍ ላይ ያለውን ይዘው መደገፊያውን በ90 ሳንቲሜትር ከፍታ ሥለው መጥተዋል። አብሬያቸው ሄጄ ግድግዳውን ሳየው፣ ክሬም ቀለም በተቀባው መተላለፊያ ላይ ከመኝታ ቤቱ መቃን እስከ መጸዳጃው በር የሚሄድ የጠቆረ መስመር አለ፤ መሐሉ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ሲሚንቶው ይታያል። የእሳቸው መዳፍ ለዓመታት የዳሰሰው መንገድ ነበር። ሜትር ብንዘረጋበት ከወለሉ 78 ሳንቲሜትር ሆነ፤ መጸዳጃው በር አጠገብ ሲደርስ ደግሞ መስመሩ ወደ 70 ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ደፉን ለመሻገር ጎንበስ ይላሉ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ ይኸው ነው፦ ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት ግድግዳውን፣ መቃኑን፣ የቁም ሣጥኑን ጠርዝና የእጅ መታጠቢያውን አፍ ተመልከቱ፤ የወየበው፣ የተፋቀው፣ የላላው ቦታ ሁሉ እጅ የሚፈልገውን ይናገራል።

በሁለተኛው ጉብኝት ፈቃድ ተጠይቆ ይለካል። የሚለካው የአልጋው ከፍታ፣ የአረጋዊው ጉልበት ከፍታ ተቀምጠው ሳሉ፣ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው ርቀትና የእርምጃው ቁጥር፣ የእያንዳንዱ ደፍ ከፍታ፣ የበሮቹ የውስጥ ስፋት፣ የማብሪያዎቹ ቦታና የግድግዳው ዓይነት ነው። ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ አይነሳም፤ በተለይ የመኝታ ክፍልና የመጸዳጃ ቤት ፎቶ ለክፍል ጓደኞች እንኳ እንዳይሠራጭ ማስጠንቀቅ የመምህሩ ኃላፊነት ነው። በእጅ የተሣለ ንድፍ ይበቃል፤ እንዲያውም ተማሪው በዓይኑ እንዲያይ ያስገድደዋል።

መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ለብቻው በሆነባቸው ቤቶች፣ በቀበሌ ቤቶች እንደተለመደው ለብዙ አባወራዎች የጋራ ከሆነም፣ መንገዱን ከዝናብ በኋላ መሄድ የግድ ነው። በበጋ ምንም ያልመሰለው የተጠቀጠቀ አፈር በሐምሌ ሳሙና ይሆናል።

4. መንገዱን በወረቀት ላይ ማውጣት

ፕላኑ በ1፡20 ስኬል ይሣል፤ ከዚያ ካነሰ እግርና እጅ አይታዩበትም። ተማሪው የእያንዳንዱን እርምጃ የእግር ዱካ በፕላኑ ላይ ያስቀምጣል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይም ሦስት ነገር ይጽፋል፦ እግሩ ምን ላይ አረፈ፣ እጁ ምን ያዘ፣ ዓይኑ ምን አየ። ከሦስቱ ሁለቱ ባዶ የሆኑበት እርምጃ በቀይ ይከበባል። ንድፉ የሚጀምረው ከቀዩ ክብ ነው። ይህን ወረቀት ያልጨረሰ ተማሪ ኮምፒዩተር ላይ እንዳይቀመጥ እከለክላለሁ፤ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለ ቆንጆ መስመር ስለሚሰጠው ያልታሰበው ነገር የታሰበ ይመስላልና።

ከዚህ በኋላ ያለው የየቦታው ዝርዝር ነው። ቁጥሮቹን መነሻ እንጂ መድረሻ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ የመጨረሻው ልክ የሚወሰደው ከሰውየው አካል ነው።

አልጋው፦ ተቀምጠው ሳሉ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ወለል የሚነካበት፣ ጉልበታቸውም ከዳሌያቸው ከፍ የማይልበት መሆን አለበት፤ ለብዙ ሰው ፍራሹን ጨምሮ ከ45 እስከ 50 ሳንቲሜትር ይሆናል። ዝቅ ካለ እግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ እንጨት ሳይሆን የተቦረቦረ ጠንካራ ጉማጅ እንጨት ገብቶ ከፍ ይደረጋል፤ ጉማጁ የአልጋውን እግር ውስጡ የሚይዝ ካልሆነ ይንሸራተታል። አልጋ አጠገብ የሚነጠፈው አጎዛ ለብርድ መልካም ቢሆንም ሴራሚክ ወይም ሊሾ ላይ እንደ መንሸራተቻ ይሆናል። ይነሳ ማለት ቀላል ነው፤ እግራቸው ግን ይበርዳቸዋል። ከሥሩ የጎማ መረብ ሰፍቶ ማስቀረት የተሻለ መልስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መብራቱ፦ ከአልጋው ሳይነሱ እጅ የሚደርስበት ማብሪያ ያስፈልጋል። መተላለፊያው ላይ ያለው ማብሪያ ከወለል ከ90 እስከ 110 ሳንቲሜትር፣ ሶኬት ደግሞ ከ45 ሳንቲሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ቢሆን ማጎንበስ ይቀራል። የሌሊቱ ብርሃን ከጣሪያ ከሚመጣ ይልቅ ከጉልበት በታች ሆኖ ወለሉን ቢያሳይ ዓይን አያጥበረብርም። ኃይል በሚቋረጥበት ሰፈር በሶኬት ብቻ የሚሠራ መብራት እምነት አይጣልበትም፤ ቻርጅ የሚደረግ፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚበራ አነስተኛ አምፖል በመንገዱ ላይ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ሻማ በእጅ ይዞ መሄድ አንዱን እጅ ከመደገፊያ ይነጥቃል፤ ጋቢ ለብሶ ሲሆን ደግሞ የእሳት አደጋ አለው።

ወለሉና ደፉ፦ አዲስ ሊሾ የሚሠራ ከሆነ ከመድረቁ በፊት በመጥረጊያ እንዲሻከር ይደረጋል። ሴራሚክ የሚገባ ከሆነ አንጸባራቂ ያልሆነ፣ ትንንሽና ብዙ መጋጠሚያ ያለው ይመረጥ፤ ናሙናውን ውሃ አፍስሶ በነጠላ ጫማ ረግጦ ማየት ከማንኛውም የሱቅ ምክር ይበልጣል። ደፍ ሊፈርስ ከቻለ ይፍረስ። ካልቻለ ጠርዙ ከወለሉ በግልጽ በሚለይ ቀለም ይቀባ፣ ከጎኑም መደገፊያ ይተከል። ተዳፋት ለመሥራት ከታሰበ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 15 ሳንቲሜትር ደፍ 1.80 ሜትር ተዳፋት ይጠይቃል። ተማሪዎች ይህን ሳያሰሉ 60 ሳንቲሜትር ላይ ቀጥ ያለ ተዳፋት ይሥላሉ፤ እንደዚያ ያለው ተዳፋት ከደፉ የባሰ ነው።

በዓል ሲመጣ ስለሚጎዘጎዘው ቄጠማ በእያንዳንዱ ዓመት ክርክር ይነሳል። እርጥብ ቄጠማ ሴራሚክ ላይ ከእግር ሥር ይሸሻል፤ ይሁን እንጂ በእንቁጣጣሽ ቄጠማ የሌለበት ቤት ንድፍ የሚያቀርብ ተማሪ ቤቱን አላወቀውም። ከሁሉ የተሻለውን መልስ ያመጣች ተማሪ ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ጥግ በዝቅተኛ የእንጨት ጠርዝ ከልላ፣ ጉዝጓዙ በዚያ ውስጥ እንዲቀር፣ የመሄጃው መንገድ ግን ባዶ እንዲሆን አደረገች። ጠርዙ ከግድግዳው ጋር የተያያዘና ከመንገዱ ውጪ ስለሆነ ራሱ መሰናክል አልሆነም።

መጸዳጃ ቤቱ፦ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ ከሆነ የወደቀ ሰው ከበሩ ጀርባ ተኝቶ ማንም ሊገባ አይችልም። መቆለፊያው ከውጭ በሳንቲም የሚዞር ቢሆን ክብራቸውም ደኅንነታቸውም ይጠበቃል። የበሩ የውስጥ ስፋት ቢያንስ 80 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ተሽከርካሪ ወንበር ሊመጣ ይችላል ከተባለ 90 ይመረጣል፣ በውስጥም 1.50 ሜትር የመዞሪያ ስፋት ይፈለጋል። መቀመጫው ከ45 እስከ 48 ሳንቲሜትር ከፍታ ቢኖረው ለመነሳት ይቀላል። ቁጢጥ ተብሎ የሚሠራበት መጸዳጃ ከሆነ ግን ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም፤ በቱቦላሬ ብረት ወይም በእንጨት አራት እግር ያለው፣ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ በሁለቱ ጎን ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ተሠርቶ ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል። የወንበሩ እግሮች ወደ ውጭ ዘርጠጥ ማለት አለባቸው፤ አንድ ክንድ ላይ ብቻ ተደግፎ የሚነሳ ሰው ቀጥ ያለ እግር ያለውን ወንበር ይገለብጠዋልና። ውሃ በሚቆራረጥበት ቤት ባልዲውና ጆጉ ወለል ላይ ከሆኑ ማጎንበስ ይመጣል፤ ከተቀመጡበት እጅ በሚደርስበት 60 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መደርደሪያ ይሠራላቸው፣ 20 ሊትር ጀሪካኖቹም ከመተላለፊያው ተነስተው አንድ ጥግ ይያዝላቸው።

ማድ ቤትና ቡና፦ ከዝቅተኛ በርጩማ መነሳት ለጉልበት ከባድ ቢሆንም፣ ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አውጡት ሲባሉ "ቡና እንዲህ አይጠጣም" የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ በዚህ ላይ መከራከር አይገባም። በርጩማው ከፍ ይበል፣ ከጎኑም ተደግፈው የሚነሱበት የማይነቃነቅ ነገር ይኑር። የማይታለፈው የከሰሉ ጉዳይ ነው። በብርድ ጊዜ የከሰል ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብቶ መስኮት መዝጋት ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውን ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋል። ንድፉ ሊዘጋ የማይችል የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ሊያሳይ ይገባል።

ደረጃው፦ በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያላቸውና ሊፍት የሌላቸው ናቸው፤ የሚደርስዎትን ፎቅ የሚወስነው ደግሞ ዕጣ ነው። የአንዱ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ቢሆንና 18 ደረጃ ቢኖረው እያንዳንዱ ደረጃ 16.7 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ አራተኛ ፎቅ ለመድረስም 72 ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች የአካል ጉዳት ላለባቸው ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያን ግን አይመለከትም ነበር። ስለዚህ ተማሪው ሊሠራው የሚችለው በሁለቱም በኩል ከ85 እስከ 95 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ከመጨረሻው ደረጃ 30 ሳንቲሜትር አልፎ የሚዘልቅ የእጅ መደገፊያ፣ በየማረፊያው የሚታጠፍ መቀመጫ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ አፍ ላይ ጎልቶ የሚታይ የቀለም መስመር ነው። መደገፊያው ከደረጃው ቀድሞ ካለቀ በጨለማ "ደረጃው አለቀ" ብሎ እጅ ያሳስታል፤ ይህን ስህተት በሠለጠኑ ባለሙያዎች ሥራ ላይ እንኳ ደጋግሜ አይቻለሁ።

5. መደገፊያውን ሠርቶ መፈተሽ

እዚህ ላይ ጊዜ መቆጠብ አይገባም፤ የማይጸና መደገፊያ ጨርሶ ከሌለው የበለጠ ይጎዳል፤ ሰው አምኖ ክብደቱን ሁሉ ይጥልበታልና።

ለመደገፊያው ባለ 1 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ተስማሚ ነው፤ ውጫዊ ውፍረቱ 3.4 ሳንቲሜትር ያህል ስለሆነ ለአረጋዊ መዳፍ ይመጥናል፤ በየትኛውም የብረት መሸጫም ይገኛል። ከግድግዳው 4 ሳንቲሜትር ገደማ ይራቅ፤ ከዚያ ከሰፋ እጅ ሸርተት ብሎ ክንድ ሊገባና ሊሰበር ይችላል። ጫፎቹ ወደ ግድግዳው ይታጠፉ፤ አለበለዚያ የነጠላ ጥለትና የቀሚስ እጅጌ ይይዛሉ።

ዋናው ችግር ግድግዳው ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ በተራ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) እና ብሎን የተያዘ መደገፊያ ሲጎተት የብሎኬቱን ፊት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ብሎኖቹ በሚገቡበት ቦታ ብሎኬቱ ተከፍቶ ቀዳዳው በኮንክሪት ይሞላል፤ ግድግዳው ቀጭን ከሆነ ደግሞ ብሎኑ በወዲያኛው በኩል አልፎ በብረት ሳህን ይጠበቃል። የጭቃ ቤት ሲሆን ጭቃው ምንም አይሸከምም፤ ሁለት ቋሚ እንጨቶች ተፈልገው ጠንካራ ሳንቃ በላያቸው ይመታል፣ መደገፊያውም ሳንቃው ላይ ይታሰራል። ከዚያ በፊት የቋሚዎቹ እግር በምስጥ አለመበላቱ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ ተደርጎ ይታይ። ቋሚው ከተበላ ወለል ላይ በኮንክሪት የተተከለ፣ ግድግዳውን የማይፈልግ የብረት ፍሬም ብቸኛው መፍትሔ ነው።

በወርክሾፑ ውስጥ ተማሪዎቹ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ የብሎኬት ግድግዳ ገንብተው፣ አንዱን መደገፊያ በተራ ፊሸር፣ ሌላውን በኮንክሪት በተሞላ ብሎኬት ይሰሩ። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ በአሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች እየተመዘኑ እስከ 115 ኪሎ ግራም ድረስ ይንጠለጠሉ፤ ሥር ማንም እንዳይቆም። የመጀመሪያው ተነቅሎ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ያስተማራቸውን ያህል እኔ በአንድ ወር ንግግር አላስተማርኳቸውም።

6. ዋጋውን በሦስት ከፍሎ ማቅረብ

ንድፉ ሲጠናቀቅ ተማሪው ሥራዎቹን ዛሬውኑ ያለ ገንዘብ የሚሆኑ፣ በትንሽ ገንዘብ በሳምንት የሚሆኑና ባለሙያና ቁጠባ የሚጠይቁ ብሎ ይከፍላቸዋል። ጀሪካን ማንሳት፣ አልጋን ወደ መብራቱ ማዞርና የኤክስቴንሽን ገመድን ከመተላለፊያ ማውጣት ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ዋጋ ከሱቅና ከብረት ቤት በአካል ተጠይቆ ይጻፍ።

7. ግምገማው

በግምገማው ቀን ከመምህራኑ ጋር ቤታቸው የተጎበኘላቸው አረጋውያን ራሳቸው፣ ካልቻሉም ልጆቻቸው፣ የክብር ወንበር ላይ ይቀመጡ። አዳራሹ ምድር ቤት ይሁን፤ ትራንስፖርታቸውም ይታሰብበት። ተማሪው ንድፉን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ትልቅ ሥዕል፣ የሙያ ቃል ሳያበዛ ያስረዳቸዋል፤ ወለሉ ላይ በተለጣፊ ቴፕ የተሠመረውን የመንገዱን ትክክለኛ ልክ ደግሞ ከፈለጉ ይሄዱበታል።

እኔ ነጥቡን ከ100 የማከፋፍለው እንዲህ ነው፦ ለመንገዱ 40፣ ለመደገፊያውና ለአተካከሉ ዝርዝር ሥዕል 25፣ የአረጋዊውን ፈቃድና ልማድ ለማክበር 20፣ ለዋጋው 15። አንድ አባት "ይህን ብረት አልፈልግም፤ በሽተኛ ያስመስለኛል" ቢሉ ተማሪው ነጥብ አይጎድልበትም፤ መልሱን ግን ማሰብ አለበት። አንድ ጊዜ እንዲህ ላሉ ሰው ተማሪው መደገፊያውን የፎጣ መስቀያና መደርደሪያ አስመስሎ፣ ጥንካሬውን ግን ሳይቀንስ ሠራላቸውና ተቀበሉት።

8. ከሦስት ወር በኋላ መመለስ

ሥራው የተሠራባቸው ቤቶች ከሦስት ወር በኋላ፣ ከተቻለም ክረምት ውስጥ፣ እንደገና ይጎበኙ። በዚህ ጊዜ የሚታየው አራት ነገር ነው፦ የመደገፊያው ብሎኖች ላልተው እንደሆነ በእጅ ተይዞ ይነቃነቃል፤ ቻርጅ የሚደረገው መብራት ባትሪው እንዳለ ሶኬቱ ተነቅሎ ይፈተሻል፤ የተነሱት ጀሪካኖች ወደ መተላለፊያው ተመልሰው እንደሆነ ይታያል፤ ከተመለሱም ለምን እንደተመለሱ ይጠየቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የተሰጣቸው ጥግ ከቧንቧው ስለራቀ ነው። በመጨረሻም ግድግዳው ላይ አዲስ የእጅ ዱካ ወጥቶ እንደሆነ ይፈለጋል። አዲስ ዱካ ካለ መደገፊያው ቦታውን ስቷል ማለት ስለሆነ፣ ከፍታው ተለክቶ ከመጀመሪያው ንድፍ ጎን በቀይ ይጻፍና ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ይተላለፋል።